ባንድ መርማሪው ክቡር አቶ ሊያንደር

ሮንዳ ማሬሽ የተነሣችው ለወላጆቿ አምሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ባንድ ለመቅጠር ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም። የፍርምባ ጥብሱ ታዝዟል፤ ኮላቼውን፣ ያንን መሃሉ ላይ የፍራፍሬ ማርማላታ የሚሞላ ጣፋጭ ዳቦ፣ አክስቶቿ ተከፋፍለውታል፤ የመንደራቸው የሉካ አዳራሽም ለጁን ሁለተኛ ቅዳሜ ተይዟል። የቀረው ባንድ ብቻ ነው። በሉካ ደግሞ ባንድ የሚቀጠረው በአጎቷ በኩል ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ቼኮች የሰፈሩበት መንደር ሁሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ አዳራሽና አንድ ባንድ መርማሪ አለው። ቄሱ ይዛወራል፤ አዳራሹ ይቃጠልና እንደገና ይሠራል፤ መርማሪው ግን አይዛወርም፣ አይቃጠልም። የሉካው መርማሪ ክቡር አቶ ሊያንደር ማሬሽ ይባላሉ፤ የሮንዳ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት። አንድም የሙዚቃ መሣሪያ አይጫወቱም። የኖታ ወረቀት ቢሰጧቸው ዘቅዝቀው ይይዙታል። ሆኖም አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያልመረመሩት አኮርዲዮን የአዳራሹን ደፍ ረግጦ አያውቅም። ስልኩን ያነሣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ይላሉ። ከዚያ አርባ አንድ ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው ተመርማሪ የጎረቤት መንደሩ የባንድ መሪ ኧርቪን ነበር።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ፣ ኧርቪን። ከበሮ መቺህ ግራኝ ነው?»

«ግራኝ ቢሆን አንተ ምን አገባህ?»

«መድረኩ በግራ በኩል ምሰሶ አለው። ባለፈው አንዱ ክርኑን መትቶት ሁለት የፖልካ ጭፈራ በአንድ እጁ ነው የጨረሰው።»

«ሊያንደር፣ የምትፈልገው ባንድ ነው ወይስ አማች?»

ኧርቪን ጥያቄ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስልኩን ዘጋው። የሁለተኛው ባንድ ዘፋኝ በቼክኛ የሚዘፍን ወጣት ነው። አቶ ሊያንደር አንድ ዘፈን አዘፈኑትና፣ «ለመሆኑ ስለ ምን እንደምትዘፍን ታውቃለህ?» አሉት።

«ስለ ፍቅር ነዋ።»

«ስለ ዳክዬ ነው። ለጠፋች ዳክዬ ዓይንህን ጨፍነህ አታልቅስባት።»

ወጣቱ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም። ሦስተኛውን ባንድ ልምምዱ ድረስ ሄደው መረመሩት፤ ሜትር ይዘው። የባንዱ መሪ ሴትዮ በማግስቱ ለሮንዳ ደወለች። «የቱባ ነፊያችንን ወገብ የለካ ሰው አገር መጥተን አንጫወትም» አለቻትና ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ለበዓሉ አምስት ሳምንት ቀረ። ሮንዳ ደሟ ፈላ።

የንዴቷ ምክንያት አባቷ ናቸው። የአቶ ኤድዊን ቀኝ ጉልበት አልቆለታል፤ ቀዶ ሕክምናው በጁላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው ይራመዱ አይራመዱ ሐኪሙም አልማለላቸውም። እሳቸው ግን፣ «ለአንድ ሰልፍ ትበቃኛለች» እያሉ በየማለዳው የሚስታቸውን የቪልማን ክንድ ይዘው ጓሮ ያለውን ዛፍ ይዞሩ ነበር። ሰባት ዙር፤ ከዚያ ወንበር።

ታላቁ ሰልፍ የሚሉት ይህ ነው። ባለበዓሎቹ ከፊት ይመራሉ፤ ተጋባዡ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይከተላቸዋል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቅስት ይሠራሉ፤ በቅስቱ ሥር ይሾልካሉ፤ በመጨረሻም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠቀለሉ ወደ መሃል ይገቡና ከመሃል እየተፈቱ ይወጣሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማንም አስቀድሞ አለማወቁ ነው። የሰዉ ብዛትና የሽማግሌዎች እግር ነው የሚወስነው። ሉካ ውስጥ ይህን ሰልፍ ሳይመራ ያገባ ሰው፣ ጎረቤት ፊት ያገባ አይመስለውም።

«አጎቴ፣ ሦስት ባንድ አባረሩብኝ!» አለች ሮንዳ፣ በራቸው ላይ ቆማ።

«እኔ ጠየቅኋቸው፤ የሸሹት እነሱ ናቸው።»

«ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ፖሊስ እንኳ ጠበቃ ያስቀርባል!»

«በዘመዳችን በኮኒ ሰርግ መብራት ሲጠፋ ማን ነበር የተሰደበው? እኔ! መድረኩ ላይ ሁለት ሶኬት አለ፤ ሁለቱም ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ መስመር ነው የሚሠሩት። ሴቶቹ ትልቁን የቡና ማፍያ ሲሰኩት ቆጣሪው ይዘላል። ሶኬት አትቁጠሪ፣ ልጄ፤ መስመር ቁጠሪ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ይህን ነው ሮንዳ ያልወደደችው። ባንድ መቅጠር ዘፈን መምረጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዘፈኑ በፊት ግን መስመሩ አለ፤ ዕቃው የሚገባበት በር ስፋት አለ፤ ድምፅ ማጉያው ሥር የትኛዋ አሮጊት ትቀመጥ ይሆን የሚለው አለ፤ ባንዱ መቼ ይበላል የሚለውም አለ። ከእንግዳው በኋላ ከበላ ፍርምባው ያልቅበትና ቂሙን በትራምፔት ይወጣል፤ አብሮ ከበላ ደግሞ አዳራሹ ጸጥ ይልና ዘመድ የቆየ ጠብ ያስታውሳል። አቶ ሊያንደር ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቁት ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ነው።

«በቃ፣ እኔ ራሴ እቀጥራለሁ» አለች።

«ቅጠሪ! ግን ሰልፉን ማን ሲላቸው እንደሚያቆሙ ጠይቂያቸው።»

«ዘፈኑ ሲያልቅ ያቆማሉ፣ አጎቴ! ሌላ ምን አለ?»

አጎቷ በሩን ዘጉባት።

ሮንዳ ከሂውስተን አንድ ዘመናዊ ባንድ በአንድ ስልክ ቀጠረች። መሪው ብሬንት ይባላል፤ የማያውቀው ዘፈን የለም። «ሰልፍ? ምን ችግር አለው፣ እመቤቴ! ማርሽ እንጫወታለን» አላት። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም። እንዲያውም ባለመጠየቋ ኮራች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሰው መጣ። ብሬንት ተጫወተ፤ ሰዉም ጨፈረ። ሮንዳ በየደቂቃው ወደ አጎቷ እየዞረች፣ «አዩ?» በሚል ዓይን ታያቸው ነበር። እሳቸው ወደ ጣሪያው ያያሉ።

ሰልፉ ተጀመረ። አቶ ኤድዊንና ቪልማ መሩ፤ ጥንዱ አራት ሆነ፣ አራቱ ስምንት ሆነ፤ የቀንድ አውጣው ጥምጥምም ተጀመረ። ሁለት መቶ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ባለበዓሎቹ እመሃል፣ አቶ ኤድዊን ጥርሳቸውን ነክሰው እያነከሱ። ልክ የመጨረሻው ዙር ሲጠብቅ ባንዱ «ጣ ጣ ጣም!» ብሎ አቆመ። ብሬንት እጁን ዘርግቶ አጎነበሰ።

ማንም አላጨበጨበም። ማን እጅ አለው? ሁሉም ተያይዟል። ጥምጥሙ እንደ ተቋጠረ ገመድ ደርቆ ቀረ። ከውስጥ የቪልማ ድምፅ፣ «ኤድዊን፣ ወንበር ላስመጣልህ?» ሲል ተሰማ፤ «አልቀመጥም!» የሚል መልስም ተሰማ።

ሮንዳ ወደ መድረኩ ሮጠች። «ቀጥል እንጂ!»

«እመቤቴ፣ ቱባውና አኮርዲዮኑ እኮ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀድቶ ነው ያለው። እሱ ደግሞ አልቋል።»

«ከመጀመሪያው አስጀምረዋ!»

«እስኪ… የት እንዳስቀመጥኩት…»

እሳት ለበሰች። መጀመሪያ በብሬንት፣ ቀጥላ በራሷ፣ ከሁሉ በላይ ግን ልክ በሆኑት በአጎቷ ተናደደች። ዞር ስትል አቶ ሊያንደር የመድረኩን ደረጃ ወጥተው ጨርሰዋል። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«አንተ!» አሉት ከበሮ መቺውን። «ከበሮውስ የራስህ ነው ወይስ እሱም ማሽን ውስጥ ነው ያለው?»

«የ… የራሴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምታው! ቀጥ ያለ፣ የእግር ሰልፍ። እጄ እስኪወርድ ብታቆም ወየውልህ!»

ልጁ መታ። ትራምፔት ነፊው ግራ ቀኝ አየና ተከተለ፤ ዜማው ጠፍቶበት ሲንተባተብ ከጥምጥሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት ማንጎራጎር ጀመረች፤ ቀጥሎ አሥር ሰው፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። አቶ ሊያንደር ቀኝ እጃቸውን ሰቅለው ከሰዉ ራስ በላይ ወንድማቸውን ብቻ ያያሉ። ወንድማቸው ሲዘገዩ እጃቸው ይዘገያል፤ ከበሮውም ይዘገያል። ጥምጥሙ አንድ በአንድ እየተፈታ ሄደ። እጃቸው ሲደክም በግራ ደገፉት እንጂ አላወረዱትም። አቶ ኤድዊን ሚስታቸውን ይዘው ወደ ሰፊው ወለል ሲወጡና ሲቆሙ፣ ያን ጊዜ ብቻ እጃቸው ወረደ።

ሮንዳ ልታቅፋቸው ሄደች። «አትንኪኝ!» አሉና ፍርምባ ሳይቀምሱ ወጡ። በሉካ ይህ ከመርገም አይተናነስም። ሁለት ወር ሙሉ አላናገሯትም። እሷም ብትሆን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ልክ መሆናቸው አሁንም ያናድዳታል።

በኦገስት የአባቷ ቀዶ ሕክምና ካለፈ በኋላ ለቤተሰቡ የፎቶ አልበም ስታዘጋጅ፣ የአርባ ዓመት የሰርግ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። በሁሉም ላይ አጎቷ አሉ። በሁሉም ላይ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው ወደ ባንዱ ነው። አንድም ቦታ ሲጨፍሩ የሉም።

«አባዬ፣ አጎቴ ጭፈራ አይችሉም እንዴ?»

አቶ ኤድዊን ከተኙበት ሶፋ ላይ ሳቁ። «ሊያንደር? በወጣትነቱ የሚደርስበት አልነበረም። በኋላ ግን እሱ ከጨፈረ ባንዱን ማን ይጠብቅ?»

ሮንዳ መኪናዋን አስነሥታ አጎቷ በር ድረስ ሄደች። ሰላምታም አላቀረበች። «ለመከሩ በዓል ባንድ ያስፈልጋል። እሁድ ጎረቤት መንደር የሚጫወት አለ። ይመጣሉ አይመጡም?» አለች። እሳቸውም ሰላምታ ሳይመልሱ ባርኔጣቸውን አነሡ።

ይኸው አሁን እሁድ ከሰዓት ነው። አቶ ሊያንደር በጎረቤት መንደሩ አዳራሽ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመዋል፤ የቱባው ድምፅ እንጨቱን ሲያነቃንቀው በትከሻቸው እየሰሙ። ሮንዳ በታዘዘችው መሠረት አዳራሹን በአራቱም ማዕዘን ቆማ አዳምጣለች፣ መስመር ቆጥራለች፣ ከበሮ መቺው ግራኝ አለመሆኑን አረጋግጣለች።

«አጎቴ፣ ዋልዝ ጀመሩ። ይምጡ እንጨፍር።»

«ፈጥኗል። ዋልዝ እንዲህ አይሮጥም።»

«ሰው ሁሉ እየጨፈረበት ነው!»

«ቱባ ነፊውን እይው እስኪ። ትንፋሹ ከትከሻው ነው። እስከ ማታ አይዘልቅም።»

«እኔ አየዋለሁ! ሲዞሩ እኔ አየዋለሁ፤ ስዞር እርስዎ ያዩታል። ሌላ ሰበብ አለዎት?»

«ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ነሽ!»

«በማን ወጥቼ!» አለችና እጅጌያቸውን ያዘች። አቶ ሊያንደር ወደ ባንዱ አዩ፣ ወደ ወለሉ አዩ፤ ቀኝ ጫማቸው ሳያስፈቅዳቸው ምቱን ሁለት ጊዜ መታ። አንድ እጃቸው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ሮንዳ ሌላኛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እየተቆጣች፣ እየጎተተቻቸው ነው።