የበሬ ነገር አሳስቦኛል

የንስሐ አባት ስልክ ሊኖረው አይገባም! አዎ፣ ብያለሁ። እናንተም በሆዳችሁ የምትሉት ነው፤ እኔ አደባባይ ስላወጣሁት ነው ነውር የሚመስለው። ድሮ የንስሐ አባት ማለት አልፎ አልፎ ቤት መጥተው፣ ጠበል ረጭተው፣ "ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ?" ብለው፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን "ደህና ነን አባታችን" ብለን ዋሽተን፣ የቀረበውን ቀምሰው የሚሄዱ አባት ነበሩ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ሰው እንደ ልቡ ይሆናል። ዛሬ ግን ኪስህ ውስጥ ናቸው። ኪስ ውስጥ ከተቀመጠ አባት ወዴት ይሸሻል?

የእኛ የንስሐ አባት ቀሲስ ጥበቡ ይባላሉ። ልደታ ተወልደን ካደግነው ግማሾቻችንን አጥምቀዋል፣ የቀረነውን ድረዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ በቀረች አንዲት አሮጌ የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እናም አንዱ የተባረከ ሰው ዘመናዊ ስልክ ገዝቶ ሰጣቸውና ቴሌግራም ላይ "የአባታችን ልጆች" የሚል ግሩፕ ከፈተላቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በተለይ ሁዳዴ ሲገባ እረፍት የሚባል ነገር አናውቅም።

መልእክታቸው አጭር ነው፤ ግን አይስትም። "ቅቤ ትታችሁ ሰው አትብሉ" ይላሉ አንድ ቀን፤ የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ሐሜት ይቀዘቅዛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሜክሲኮ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ሥር ካለው ካፌ ተቀምጬ፣ በየዓይነቱ አዝዤ፣ እጄን ታጥቤ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ አፌ ላደርስ ስል ኪሴ ነዘረኝ። "ልጆቼ ገና ስድስት ሰዓት ነው" ይላል። እንግዲህ ፍረዱኝ... የላኩት ለሁላችንም ነው፤ እኔ ግን ዞር ዞር ብዬ ካፌውን አየሁት። ጉርሻዋንም መለስኳት። (በኋላ ምን እንደሆነች ለእሳቸው እናዘዛለሁ እንጂ ለእናንተ አልናገርም።)

እስከ ጾሙ እኩሌታ ድረስ መልእክታቸው በድምፅ ነበር። ኋላ ግን በየቀኑ ቅዳሴ፣ በየቀኑ ኪዳን ሲሉ ጉሮሯቸው ተዘጋና መጻፍ ጀመሩ። የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ። የእኛም ጣጣ የጀመረው ያኔ ነው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ዓርብ የምሳ እረፍት ረዘም ይላል፤ ጾመኛ ደግሞ የምሳ እረፍት ምን ያደርግለታል? ጊዜውን ልግደለው ብዬ አማቴ እትዬ ዘነበች ቤት ጎራ አልኩ። እትዬ ዘነበች በግሩፑ ውስጥ እንደ ሊቀ መንበር ናቸው። የስልክ ፊደል ግን አልታይ ስለሚላቸው የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ። ገና ከመቀመጤ ስልካቸው ጮኸ።

"አባታችን ናቸው፤ እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። "ልጆቼ የበሬ ነገር አሳስቦኛል ለፋሲካ ቢደርስልኝ ደስታዬ ነው አንድ በሉኝ።"

እትዬ ዘነበች ጆሯቸውን አቀረቡ።

"የምን ነገር?"

"የበሬ።"

"ድገመው።"

ደገምኩት። ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ሆሳዕና እንኳ አልደረሰም፤ እኛን "ሥጋ በዓይናችሁም አትብሉ" የሚሉን አባት በሬ እያሰቡ ነው? መቼም የንስሐ አባትን "ምን ማለትዎ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ደግነቱ ተክለ ሃይማኖት ብርድ ልብስ የሚነግዱት ጋሽ ወልዴ ነውር የሚባለውን ነገር ብዙም አያውቁትም። ወዲያው ግሩፑ ላይ ጻፉ፦ "እሺ አባታችን ምን ዓይነት ይሁንልዎ?"

መልሱ ብዙም አልቆየም። "ጠንካራ ይሁን እንጂ ቀለሙ ግድ የለኝም።"

"ቀለሙን ሁሉ አስበውበታል በለኛ!" አሉ እትዬ ዘነበች። "እኔ ነፍሴን የሰጠኋቸው ሰውዬ በሁዳዴ በሬ ያማርጣሉ? በቃኝ። ሆሳዕና ሳይደርስ ሌላ አባት እይዛለሁ።"

ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እትዬ ዘነበች ከሄዱ ማንም አይቀርም። የግሩፑ ግማሽ የእሳቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የምንፈራቸው ነን። ቀሲስ ጥበቡ ደግሞ ከእኛ ሌላ ማን አላቸው? በስተርጅና፣ በጾም፣ ልጆቻቸው ሁሉ ተያይዘው ጥለዋቸው ሊሄዱ ነው... ያውም በእኔ አንባቢነት።

ጋሽ ወልዴ ጋ ደውዬ የአማቴን ዛቻ ነገርኳቸው።

"እና ምን ይሁን?" አሉኝ። "ሽማግሌ አማራቸው፣ አማራቸው ነው። ለፋሲካ ነው እንጂ ዛሬ እበላለሁ አላሉም። ጾሙ መብላትን ከለከለ እንጂ መግዛትን መች ከለከለ? ነገ ቄራ ሄደን እናመጣላቸዋለን፤ ከፋሲካ በኋላ ለሁላችንም ቅርጫ ይሆናል።"

ነጋዴ መሆን እንዴት ደስ ይላል! ነገሩን ለአማቴ ባስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ "ይገዛላቸው። በሬያቸውን አስረክበን፣ እኔም በዚያው ተሰናብቻቸው እመለሳለሁ" አሉ። ቃላቸውን ደግሞ የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዲህ በሬው ተገዝቶ፣ በተከራየነው የጭነት መኪና ጋሽ ወልዴና እትዬ ዘነበች ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ተቀመጡ። እኔና በሬው ከኋላ። ወገኖቼ፣ በሁዳዴ መሀል በሬ ይዛችሁ በሜክሲኮ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። አደባባዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ እኔ ከፍ ብዬ፣ ገመድ ይዤ፣ ከአንድ ቀይ በሬ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሜያለሁ። አንድ ወያላ ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ አየኝ።

"ጀለሴ፣ ፈሰክህ እንዴ?"

"ለፋሲካ ነው!" አልኩት።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ሰንጋ ተራ ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ስሙ ሰንጋ ተራ ይባል እንጂ ሰፈሩ ሰንጋ ካየ ዘመን የለውም፤ ከየሕንፃው የወጣው ሁሉ አንበሳ ያመጣሁ ይመስል ስልኩን ደቀነብኝ። የቢሮዬን የሒሳብ ሹም በመሀላቸው ያየሁ መስሎኝ ከበሬው ጀርባ ተደበቅሁ።

ልደታ ደርሰን ወደ አባታችን ቤት በሚያስገባው ቅያስ መኪናው አላልፍ ስላለ በሬውን አውርደን በእግር ነዳነው። ጋሽ ወልዴ ከፊት፣ እኔ ገመድ ይዤ፣ እትዬ ዘነበች የስንብት ንግግራቸውን በከንፈራቸው እያጠኑ ከኋላ። የቤቱ መግቢያ ላይ አንድ የነተበ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከመጋረጃው ሥር፣ መሬት ላይ፣ ለማታ የተቀመጠ ጥቅል ጎመን ይታያል። እኔ ጎመኑን ያየሁት በሬው ካየው በኋላ ነው። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና..." ብዬ ሳልጨርስ ገመዱ ከእጄ ተመነጨቀ። በሬው መጋረጃውን በቀንዱ አንጠልጥሎ፣ እንደ ባለቤት ሰተት ብሎ ገባ።

ከውስጥ ዳዊት የሚደግም የሰለለ ድምፅ ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ ቀሲስ ጥበቡ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ወጡ። ከኋላቸው ጎመን ሲታኘክ ይሰማል።

"ልጆቼ፣ ይሄ የማን ነው?" አሉ በተዘጋ ጉሮሯቸው።

"የእርስዎ ነዋ አባታችን" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ጠንካራ ይሁን ብለው፤ ይኸው ጠንካራ።"

"እኔ በሬ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ በጾም?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የበሬ ነገር አሳስቦኛል ያሉት?" አልኩ።

አባታችን መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ቀጥሎ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወደቆመው ነገር ጣታቸውን ቀሰሩ። ምስጥ የበላው፣ ማጠፊያው የተገነጠለ የእንጨት በር ነው።

"በር-ሬ!" አሉ፣ ያቺን "ረ" በተዘጋ ጉሮሯቸው እየረገጡ። "በሬ አልኩ እንጂ! የቤቴ በር!"

አያችሁ ፊደላችንን? ያው "በሬ" ነው፤ አላልታችሁ ስታነቡት ያርሳል፣ ጠበቅ ስታደርጉት ይዘጋል። አስተማሪያችን "ጠብቆ፣ ላልቶ" እያለ ሲያስተምረን እኔ በመስኮት ሳይ ነበር መሰለኝ። "ጠንካራ ይሁን" ያሉት ሌባ እንዳይገፋው ነው። "ቀለሙ" ያሉትም የበር ቀለም ነው፤ ባልዲ ውስጥ ያለው።

እትዬ ዘነበች የተገነጠለውን በር አዩ፤ በሬው ቀንድ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ አዩ። "በዚህ መጋረጃ ነው የሚያድሩት?" አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

"ሰውስ ደህና ነው፤ ብርዱ ነው ያስቸገረኝ" አሉ አባታችን። "ጉሮሮዬንም የዘጋው እሱ ይመስለኛል።"

እኛ የቅዳሴ ብዛት ነው ስንል ነበር! ሽማግሌው በር አጥተው በብርድ ሲያድሩ፣ እኛ ሥጋ አማራቸው ብለን ልንፈርድባቸው መጣን። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላሉ፤ የጠረጠረ ሰው እንዴት እንደሚያፍር ግን የሚናገር ተረት የለንም። እትዬ ዘነበች ያጠኑት ስንብት ጠፋባቸው። ጎንበስ ብለው መስቀሉን ፈለጉ።

"ይፍቱኝ አባቴ። በሁዳዴ በሬ አማራቸው ብዬ አምቼዎታለሁ። ሌላ አባት ልይዝ ነበር የመጣሁት።"

ቀሲስ ጥበቡ ዳዊታቸውን ብብታቸው ሥር ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር ከልጆቻቸው የጠበቁ አይመስሉም ነበር። ኋላ መስቀሉን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሟቸው።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ወለተ ማርያም" አሉ በክርስትና ስማቸው ጠርተው። "መልእክቱን ማነው ያነበበልሽ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሬው ሳይቀር ማኘኩን ያቆመ መሰለኝ።

"በስንት ሰዓት ነው ያነበብከው?" አሉኝ።

"በምሳ ሰዓት፣ አባታችን።"

"ምሳ በልተህ ነበር?"

"ኧረ በጾም! ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።"

"ታዲያ አንተን ምን ብዬ እፈታሃለሁ?" አሉና ሳቅና ሳል ተቀላቀለባቸው። "ያነበበው ሆድህ ነው።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ሆድ ግን ያለ ጠላ አንዲት "ረ" አወጣችው። በሬ ያማረው ማን እንደነበር በአባታችን ደጃፍ፣ በአማቴ ፊት ታወቀ። ሥጋ ሲያምረኝ የሰነበትኩት እኔ፤ የታሙት እሳቸው።

ጋሽ ወልዴ እዚያው ቆመው ለሚያውቁት ብየዳ ቤት ደውለው የብረት በር አዘዙ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ "በሩ እስኪመጣ አንተ በር ሁን" አሉኝና በመግቢያው ላይ በርጩማ አስቀመጡልኝ። እስኪመሽ ድረስ ነፋሱን በጀርባዬ መከትኩ። በሬው የአባታችንን ጎመን ጨርሶ ግቢው ውስጥ ታሰረ፤ እስከ ፋሲካም እዚያው እንዲቆይ ተወሰነ።

ባለፈው ዓርብ ከቢሮ አስፈቅጄ፣ እንደ ልማዴ አማቴ ቤት ነበርኩ። በሩ ተገጥሟል፣ የአባታችን ጉሮሮም እየተከፈተ ነው፤ እትዬ ዘነበችም ሌላ አባት ስለመያዝ ዳግመኛ ትንፍሽ አላሉም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። አየሁት። "ልጆቼ በሬ ደርሶልኛል በጣም ጠንካራ ነው እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላል።

በሩም ደርሷል፤ በሬውም ደርሷል። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። አጥብቄ ላንብበው ወይስ አላልቼ? አፌን ከፍቼ ሳመነታ እትዬ ዘነበች ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ከሶፋው ትራስ ሥር ወሸቁት።

"ዘጠኝ ሰዓት ይሙላና መጀመሪያ ብላ" አሉኝ። "ከዚያ ታነበዋለህ።"