ለቤተሰብ የሚሆን ድንኳን

ድንኳን ገዝተህ ታውቃለህ? ካላወቅህ አላህ አያስገዛህ። ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ያስባል፤ ድንኳን ሲገዛ ግን የሚፈራውን ሁሉ ያስባል። እኔ ደግሞ የምፈራው ብዙ ነው። ወሎ ሳለሁም ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ ውስጥ የምገባው ከልጆች ቀድሜ ነበር። ይኸው፣ ነገርኩህ።

ያኔ ዓረብ አገር፣ የየመን ድንበር አጠገብ፣ ጂዛን ውስጥ ባለው አል-ዓሪዳ ኮረብታ ላይ የከፊሌን፣ የአሠሪዬን ማለቴ ነው፣ ማሽላና ፍየል እጠብቃለሁ። ኢቃማ አለኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት። ባለቤቴ ጦይባ ግን የላትም። ሁለት ሕፃናት ይዛ ከየመን በጡዋል በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። ከተያዘች እሷም ልጆቹም በመጡበት ይመለሳሉ። ስለዚህ የደውሪያው፣ የዚያ የሚዞረው የወታደር መኪና፣ አቧራ ከሩቅ በታየ ቁጥር ጎጆ ትገባለች፤ ትንፍሽ አትልም። ልጆቹም ለምደውታል። እኔ ውጭ ቆሜ ፍየል የምቆጥር እመስላለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ያ የጂዛን አቧራማ ንፋስ ተነሳና የጎጆዋን ክዳን ይዞት ሄደ። ሄደ ስልህ፣ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ጦይባ ሁለቱን ልጆች አቅፋ ከላይዋ ሰማይ ብቻ ቀረ። መንገደኛ ሁሉ ያያታል! ከፊሌ መጥቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ኸይማ ግዛ» አለኝ፤ ድንኳን ማለቱ ነው። ትንሽ ብር ቆነጠረልኝና «ከዚህ በላይ የለም፣ ኸላስ» ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ወዳጄን ሰዒድን ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሰዒድ ፍየል ጠባቂ ነው፤ ስለማያውቀው ነገር ሲያወራ ደስ ይላል። ርካሹ ድንኳን አረንጓዴ ነበር። ሰዒድ ወደደው። እንዴት ልውደደው? የወታደር ድንኳን ቁርጥ! ድንበር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተክዬ ማን ምን ይተኩስብኛል? ሁለተኛው ሰማያዊ ላስቲክ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ። ይኼን ደግሞ ንፋሱ ካገኘው ጦይባን ከነልጆቿ ጭኖ በአየር የመን ይመልስልኛል።

ሦስተኛው ነጭ ሸራ፣ ወፍራም፣ መስኮት የሌለው፣ ምሰሶው የጎረምሳ ጭን የሚያክል። ገመዱን ነከስኩት። ውሃ አፈሰስኩበት። ገብቼ ቁጭ አልኩና ጥላዬ ይታይ እንደሆነ ሰዒድን በዙሪያው አስዞርኩት። ሻጩ ተሰላቸ። «ያላ ያ ሐበሺ፣ ቤት ነው የምትገዛው ድንኳን?» አለኝ። ጥጉ ላይ የተጣፈ ቀዳዳ ነበረው፤ ስለ እሱ ዋጋ ቀነሰልኝና ባለኝ ተገላገልኩ።

አርብ ጠዋት ተከልነው። ሰዒድ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። እኔ ምሰሶው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ንቅንቅ የለም። ንፋሱ መጣ፣ ነፈሰ፣ ነፈሰና ደከመው። ጦይባ ከልጆቹ ጋር ገብታ መጋረጃውን ጣለች። ከመጣች ጀምሮ ያን ዕለት ደረቴ ትንሽ ቀለል አለኝ።

አላስተዋልኩም እኮ! ነጭ ድንኳን፣ ገላጣ ኮረብታ ላይ። እኛ አገር በደህና ጊዜ ድንኳን የሚተክል ማን ነው? ወይ ሰርግ አለ ወይ ሰው ሞቷል። እልልታ ደግሞ አልተሰማም።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ የወሎ ልጆች በሙሉ ከየእርሻው ሲወርዱ አየሁ። ከፊት ሸህ አሊ፣ የሁላችንም ሽማግሌ። ከሩቅ ነው ማልቀስ የጀመሩት። መርዶ ሊነግሩኝ መጡ! እናቴ ናት፣ አልኩ። እኔም ለቅሶውን ለቀቅኩት። እነሱ እኔን ሲያዩ ባሰባቸው፤ እኔም እነሱን ሳይ ባሰብኝ። ማን ሞተ ብሎ ሐዘንተኛን መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሸህ አሊ ጆሯቸውን ወደ ድንኳኑ አዘነበሉ። የሴት ድምፅ የለም፤ ጦይባ የሰው ጫጫታ ስትሰማ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች። የቤቱ ሴት በለቅሶ ቀን ዝም ካለች ምን ማለት ነው? «ወይኔ ጦይባ!» አሉ ለራሳቸው።

እኔ አልሰማኋቸውም፤ የሰማሁት መኪናውን ነው። ደውሪያው ሰው ተሰብስቦ አይቶ መጣ። አንድ ወጣት ወታደር ወረደና ቀጥ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። መጋረጃውን ጨበጠ። «ውስጥ ማን አለ?» አለ። ልጆቹ ቢያስነጥሱስ? በሐሳቤ ጦይባን መኪና ላይ አስቀመጥኳት፣ አሻገርኳት፣ አጣኋት።

ሸህ አሊ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ «ሚስቱ ናት፣ አላህ ይማራት» አሉት በዓረብኛ።

ወታደሩ መጋረጃውን እሳት እንደነካው ሰው ለቀቀው። የሰው ሚስት በድን በምን ዓይኑ ያያል? መጥቶ እጄን ያዘኝ። እጄ በረዶ ነው። ሐዘን መሰለው። «አላህ አጅርህን ያብዛልህ» ብሎ አጽናናኝና ከመኪናው አንድ ካርቶን ውሃ አውርዶልን ሄደ።

አቧራው ሲጠፋ መጋረጃው ተገለጠና ጦይባ ብቅ አለች። «እረ ማን ሞቶ ነው?» አለች። ወንድ የተባለ ሁሉ በረገገ! ሸህ አሊ በዚያ ዕድሜያቸው ማሽላውን ሰንጥቀው ሲሮጡ ብታይ። ኋላ ጫማቸውን ሊወስዱ እያፈሩ ተመለሱ፤ የወታደሩን ውሃ ጠጥተን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ጦይባ ግን አልሳቀችም። «እኔን ስትቀብሩ ይቺን ታህል ነው የምታለቅሱት?» አለችን።

ከዚያ ወዲህ ደውሪያው ድንኳኔ ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። የሚፈትሽ የለም። ያ ወታደር ለ«የቲሞቹ»፣ እናት ለሞተችባቸው ልጆች ማለቱ ነው፣ ብስኩት ያመጣል። እኔም ቀስ በቀስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የንፋሱም፣ የመኪናውም።

አንድ ቀን ግን ያው ወታደር ከመኪናው ወረደና ድንኳኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ጠንካራ ነው፣ ለቤተሰብ ይሆናል አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጆች ያለ እናት እንደማያድጉ፣ አንዲት የአገሬ ሰው፣ ጨዋ፣ ኢቃማ ያላት ሴት እንደሚያውቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዟት ሊመጣ እንደሚችል ነገረኝ። አፌን ከፈትኩ።

ከውስጥ ሟቿ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች።