በአማቴ ግድግዳ ላይ ያለው ልጅ

ፎቶ መነሳት እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲስቅ፣ ሲያወራ፣ ልጆቹን ሲቆጣ ይቆይና ስልክ ወደ ፊቱ ዞር ሲል ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ይላል። ከተወለደ ጀምሮ አብረውት የኖሩት እጆቹ ድንገት ትርፍ ይሆኑበታል፤ የት እንደሚያደርጋቸው ይጠፋዋል። ፎቶ አንሺው ዝም ቢል እንኳ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አለ። ቀና በል ይላል አንዱ፤ ነጠላሽን አስተካክይ ትላለች ሌላዋ፤ የሚስቅ ከተገኘ ደግሞ «ፎቶ እኮ ነው» ተብሎ ይገሠጻል። ስለዚህ በየግድግዳችን ላይ የተሰቀሉትን ዘመዶቻችንን ብታዩ አንድም ደስ ያለው የለም። በሠርጋቸው ቀን የተነሱት ሳይቀሩ ተከሰው ክሱ የሚነበብላቸው ይመስላሉ።

ወደ ራሴ ልምጣ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ የማስተምረው ሳይንስ ነው። ይኼን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ኋላ ላይ ሳይንስሽ የት ገባ ብላችሁ ስለምትጠይቁኝ ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ባለቤቴ ደሳለኝ ይባላል። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሜላት፣ መካከለኛው ናሆም፣ ትንሿ ሶስና።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ወጣሁ ብሎ ሳይወጣ፣ ጠዋት ጃኬት አስለብሶ ቀን በሚያስወልቅበት በዚያ ግራ የገባው ወር፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል የናሆምን ዩኒፎርም ባስለካው ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ። ይኼ ልጅ መቼ ነው ያደገው? የባለፈውን ዓመት ናሆምን ልይ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ያገኘሁት አንድ የሚሮጥ ጫማ፣ የራስ ቅል ከኋላ፣ ደግሞም በር ላይ የሚጠፋ ጥላ ነው። ሜላት ግማሽ ፊቷ ተቆርጧል። ሶስና ላይ አውራ ጣቴ ተኝቶባታል። ልጆቼ አድገው ሊያልቁ ነው፤ እኔ እጅ ላይ የቀረው የአውራ ጣቴ ፎቶ ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ልማር ብዬ ተነሳሁ። በስልክ ቪዲዮ ፎቶ ማንሳት የምታስተምር አንዲት ልጅ አለች፤ አነጋገሯ ሲሰሙት ሁሉን ያቀልላል። ልጅን ቆመሽ ከላይ ወደ ታች አታንሽው፣ ተንበርክከሽ ከዓይኑ እኩል ሁኝ ትላለች። ከኋላው የተዝረከረከ ነገር አይኑር። አንድ ላይ አትሰብስቢያቸው፣ እያንዳንዱን ለብቻው አንሽው። ሳቅ አትበይው፤ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ መኖርሽን ሲረሳ ያኔ ትክክለኛ ፊቱ ይመጣል። እኔም ቤት ውስጥ ስንበረከክ ከረምኩ። ደሳለኝ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሶስና ፊት ተንበርክኬ ቢያገኘኝ፣ ምን አጥፍተሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂያት አለኝ።

ጥቅምት ላይ ለበርበሬ ለቀማ ልጆቹን ይዘን አማቴ ዘንድ ሄድን። አማቴ እማማ የሽወርቅ የሚኖሩት ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ በኩል ገጠር ነው። ባጃጁ መንገድ ዳር ያወርዳችሁና በኑግ ማሳ መካከል በእግር ትገባላችሁ። ኑጉ አብቦ ግራ ቀኙ ቢጫ ነው፤ ግቢያቸው ስትደርሱ ደግሞ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል። ፎቶ ማንሳት የሚማር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እማማ ብዙ የሚናገሩ ሴት አይደሉም። ከባለቤቴ በፊት የወለዱት ሙሉቀን የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ወባ ወሰደው። ይኼን የነገረኝ ደሳለኝ ነው እንጅ በእሳቸው አፍ ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ፎቶ የለውም። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይወጣል፤ ዘመድ አቅፎት፣ ለለቀስተኛው እያሳየ ያለቅስበታል። ለሙሉቀን ለቅሶ ግን የወጣው ጋቢውና የትምህርት ቤት ቦርሳው ነበር አሉ። ታዲያ በዚያ ሰፈር አንድ ልጅ ለብቻው፣ ፊት ለፊት፣ ተጠንቅቀው ፎቶ ሲያነሱት ከታየ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ከእኔ በቀር።

ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስለቅም ዋልኩና በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግሁት። የበርበሬ አገር ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። እንባዬ አልቆም አለ። ፀሐይዋ ደግሞ ዘቅዘቅ ስትል ያቺ የቪዲዮ ልጅ የምታመሰግነው ዓይነት ብርሃን ሆነ፤ ያን ጥዬ ዓይኔን ልታጠብ? ነጭ ጋቢ አጥሩ ላይ ዘረጋሁና ልጆቹን በየተራ እየጠራሁ ከፊቱ አቆምኳቸው። ተንበረከክሁ። ዝም ብዬ እየጠበቅሁ፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ፣ አነሳኋቸው።

የእማማ ጎረቤት እታለማሁ ውኃ ይዛ ስታልፍ አየችን። ጀሪካኗን አስቀምጣ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ሰላም ሳትለኝ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ መደቡ ላይ በዝምታ ይቀመጡ ጀመር። እኔ ለበርበሬው ሊያግዙን የመጡ መስሎኝ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። አንዷ፣ ሐኪሞቹስ ምን አሉ አለችኝ፤ የምን ሐኪም እንደሆነ ግራ ገባኝ። ሌላዋ፣ ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም ብላ ትከሻዬን ዳበሰችኝ፤ የለም አልኩ እኔም። መጨረሻ ላይ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

«የትኛው ነው ልጄ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑ፣ አባ?»

«የታመመው።»

ናሆም ዛፍ ላይ ነበር። ሜላትና ሶስና እሸት በቆሎ እየተሻሙ ነው። ነገሩ ሲገባኝ በርበሬውን አሳየሁ፣ እጄን አሳየሁ፣ ቪዲዮውን ሳይቀር ከፍቼ አሳየሁ። ሴቶቹ ሳቁ፤ አባም ሳቁ፣ ግን ከመጡ አይቀር ብለው ሦስቱንም ባረኳቸው፣ እኔን ደግሞ ረዘም አድርገው ባረኩኝ። እታለማሁ ብቻ አላመነችም። የከተማ ሰው ሕመም ይደብቃል ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያልሳቁት አማቴ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲበተን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ያነሳሁትን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሜላትን አዩና አለፉ፤ ሶስናንም አለፉ። ናሆም ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እውነትም ጥሩ ወጥቷል። መኖሬን ረስቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ወደ ሩቅ ያያል። ይኼን ትልቅ አድርገሽ አውጭልኝ አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ገና በመማር ላይ ያለሁ ሴት የመጀመሪያዋን አድናቂ አገኘሁ። ፍኖተ ሰላም እንደተመለስን ፎቶ ቤት አሳጥቤ፣ መስታወት አስገጥሜ በደሳለኝ እጅ ላክሁላቸው።

ኅዳር ላይ እታለማሁን ከተማችን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ተሳስመን ስናበቃ የልጆቹን ጤና ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ አሁንም አላመነችኝም ማለት ነው። ከዚያ ፊቷ ፈካ አለና እንዲህ አለችኝ፦

«የሙሉቀንን ፎቶ እኮ አየነው። እማማ ሰቅለውታል። ከየት አገኛችሁት?»

የያዝኩት ዘንቢል ከበደኝ። ቤት ገብቼ ደሳለኝን ስጠይቀው ዓይኑን ሰበረ። ያውቅ ኖሯል። ሰው ማነው ይኼ ሲላት ሙሉቀን ነው ትላለች፣ ታዲያ እናቴን ምን ልበላት አለኝ። እኔስ ምን ልበል? በሕይወት ያለ ልጄ፣ ሱሪ አጠረኝ ብሎ የሚያማርረው፣ ወንበር ላይ ካልሲ የሚጥለው ናሆም፣ አንድ ቤት ውስጥ ሟች ሆኖ ተሰቅሏል። ወረቀትና ቀለም ነው አልኩ ለራሴ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ ይኼን በጠመኔ ጽፌ፣ ሥዕል ስዬ የማስተምር ሰው ነኝ። ይኼን እያልኩ እጄ ናሆም ግንባር ላይ ነው። ልጁ አንዴ ቢያነጥሰው ጤና ጣቢያ ልወስደው ጫማዬን ፈለግሁ። አንዴ በእማማ እናደዳለሁ፤ አንዴ ደግሞ የልጃቸው መልክ የሌላቸው እናት መሆናቸው ትዝ ይለኝና በራሴ እናደዳለሁ። ንዴቴን በማን ላይ እንደምወጣው ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ግን የእናት ነገር ነው፣ ፍርሃቱ አሸነፈኝ። ፎቶውን ላመጣው ቆረጥኩ። ናሆምንም ይዤው ሄድኩ፤ ቆሞ ሲሄድ ይዩት ብዬ።

ስንደርስ የእማማ ታላቅ ወንድም አያ ጌትነት ተቀምጠው ነበር። ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ናሆም ገብቶ ተሳለመና በዚያው የጆሮ ማዳመጫ፣ በዚያው ፊት፣ ከራሱ ፎቶ ሥር ተቀመጠ። ሙሉቀን በሞተ ጊዜ እንዲህ ያለ ማዳመጫ እንኳን በዚያ ገጠር በቡሬም የታየ አይመስለኝም፤ ግን እስካሁን የጠየቀ ሰው የለም። እኔ መንገድ ለመንገድ ያጠናሁትን ንግግር በልቤ እየደገምኩ ነው፤ እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ የሚል ነበር አጀማመሩ። አያ ጌትነት ቀደሙኝ። ፎቶውን ትክ ብለው አዩት፣ ናሆምን አዩት፣ እንደገና ፎቶውን አዩት።

«የሽወርቅ፣ ሙሉቀንን እኔም አሳድጌዋለሁ» አሉ። «ይኼ አይመስለውም። የእሱ ግንባር ሰፊ ነበር።»

እማማ አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወልጀዋለሁ እኮ፣ አለመምሰሉ ይጠፋኛል? እሱ ከሞተ ወዲህ ግን እዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ ሰው ጠፋ። እኔ እንዳልከፋ ብላችሁ ሁላችሁም ተዋችሁት። ይኼን ከሰቀልሁት ወዲህ የገባው ሁሉ ማነው ይላል። ሙሉቀን ነው እላለሁ። ያኔ ሙሉቀን እኮ እንዲህ ነበረ፣ እንዲያ አድርጎ ነበረ ይሉኛል። አንተም ይኸው ግንባሩን ነገርኸኝ። ሰፊ እንደነበረ ረስቸው ነበር።»

አያ ጌትነት አንገታቸውን ደፉ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልትወስጅው መጥተሽ እንደሆነ ውሰጅው፣ ልጄዋ። የልጅሽ ነው።»

ናሆም ሁሉንም ሰምቷል፤ የጆሮ ማዳመጫው ለካ ድምፅ የለውም። ቀና ብሎ ፎቶውን አየና ትከሻውን ነቀነቀ፤ ይኑር፣ ምን ችግር አለው ማለቱ ነው። እኔ ተነሳሁ። መቼም ሰው ተነስቶ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ትንሽ ዘመም ያለ መሰለኝና አቃናሁት። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አያ ጌትነት ሙሉቀን ለገና ጨዋታ ሲወጣ እንዴት እንደነበር ማውራት ጀመሩ፤ እማማ የአንዱን ታሪክ መጨረሻ እያረሙ፣ የሌላውን መጀመሪያ እየጨመሩ ይሰማሉ። እሳቸው እንዲህ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ መሸት ሊል ነው፣ ባጃጅ ያመልጠናል ብዬ እጣደፋለሁ። ናሆም ቀድሞኝ በታጨደው ኑግ መካከል ሩጫውን ለቀቀው። እንዳይርቅብኝ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

«ሙሉቀን!»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለሻ የለውም። ናሆም ዞር እንኳ ሳይል «አቤት!» አለና ቆመ። ከኋላዬ፣ በራቸው ላይ ቆመው የሚሸኙን አማቴ ሳቁ። እንዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። መሳቅም ማልቀስም አማረኝና አንዱንም ሳልችል ልጄን እጁን ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ደግ ሠራሁ ወይስ ልጄ ላይ አፌን ከፈትሁበት፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ለማንኛውም ብዬ ግን በሰንበቱ ጠበል ወሰድኩት።