ሊቀ ርካሽና መመሪያ የሌለው ሞደም

በየቤተሰቡ አንድ ርካሽ የሚያውቅ ሰው አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ ወይ ገና አልተሟላም፣ ወይ ሰውየው ለጊዜው ገበያ ወጥቷል። ይህ ሰው እናንተ ዕቃ ለመግዛት ባሰባችሁባት ቅጽበት፣ ከየት እንደሰማ ሳይታወቅ በራችሁ ላይ ይቆማል። «ስንት አሉህ?» ይላል። የፈለጋችሁትን ዋጋ ንገሩት፣ በሁለት እጁ ራሱን ይይዛል።

የእኛው የእህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ፣ በማዕረጋቸው ሊቀ ርካሽ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ግን ወግ ነውና «ጋሼ» እላቸዋለሁ። አዲስ ዕቃ የቤታቸውን ደፍ ተራምዶ አያውቅም። «አዲስ ሲሉህ ካርቶኑን ነው የሚሸጡልህ» ይላሉ፤ «ካርቶኑን ደግሞ ትጥለዋለህ።» ይህቺን አባባል በሠርግም በለቅሶም ሲናገሯት ሰምቻለሁ። ለእህቴ የገዙላት ፍሪጅ ሆዱ ነጭ ነው፣ በሩ አረንጓዴ፤ ሁለቱ የተገናኙት እሳቸው ሱቅ ውስጥ ነው። ጃንጥላቸው እንዲዘረጋ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ዝናብ ብቻቸውን ሲያገኛቸው ይበሰብሳሉ፣ ነገር ግን በርካሽ ይበሰብሳሉ።

ከሁሉ የሚኮሩበት ስልካችን ነው። የእኔና የእነሱ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ፣ ከዓመታት በፊት ግድግዳውን በስተው ሽቦ አሳለፉና የእኔን መስመር ለሁለት ቤት አካፈሉት። «ለአንድ ግድግዳ ሁለት መስመር ምን ይሠራል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲደወል በሁለቱም ቤት ይጮኻል፤ ቀድሞ ያነሳ ያወራል፣ ዘግይቶ ያነሳ ያዳምጣል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ሞደም ልገዛ ከእሳቸው ጋር የወጣሁት። የማን ሞኝነት እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

እኔ የመመሪያ ተርጓሚ ነኝ። ከማሽን ጋር በካርቶን ውስጥ የምትመጣ፣ ማንም የማያነባት ቀጭን መጽሐፍ አለች አይደል? እሷን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። «መሣሪያውን ከመጠቀምዎ በፊት ይህን መመሪያ በጥንቃቄ ያንብቡ» የሚለውን በሕይወቴ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ጽፌዋለሁ፤ አንድም ቀን ታዝዤው አላውቅም። ዋናው ደንበኛዬ በሌላ ከተማ ያለ የውኃ ፓምፕ አከፋፋይ ነበር። ጊዜው ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ እየጮኸ የሚገባበት ዘመን ነው። አከፋፋዩ አንድ እሑድ ደወለና ከእንግዲህ ሥራ በፖስታ እንደማይቀበል ነገረኝ። ስልሳ ገጹ የፓምፕ መመሪያ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት በኢሜይል ካልደረሰው ሥራውን ሁሉ ለሌላ ተርጓሚ ይሰጣል። የቤቴ ወጪ በሙሉ ከዚያ ፓምፕ ነበር የሚቀዳው። ስልኩን ገና ሳላስቀምጥ በሬ ተንኳኳ።

«ሞደም ያስፈልግሃል» አሉ ሊቀ ርካሽ። በወዲያኛው ጫፍ ሲያዳምጡ ነበርና።

ሞደም ማለት ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያነጋግር ሣጥን ነው። በማግስቱ አሮጌ ራዲዮና ካውያ የሚሸጥበት ገበያ ሄደን ከአንድ ሱቅ አገኘን። ሻጩ ደግ ሰው ነበር። «ከነሙሉ ዕቃው ነው» ብሎ ሣጥኑን፣ የኤሌክትሪክ አዳፕተሩን፣ ገመዱንና መመሪያውን ደረደረልን። ሊቀ ርካሽ ሞደሙን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱትም። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ሻጩ ይመልሱ ጀመር።

«አዳፕተር ሱቄ ሞልቷል። ይህን አንሳና ቀንስ።»

ሻጩ ቀነሰ።

«ገመድም አለን፤ ቀንስ።»

ቀነሰ። መመሪያው ላይ ሲደርሱ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ።

«ይኼ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? መመሪያ ጸሐፊ ነው! ለመመሪያ ጸሐፊ መመሪያ ይሸጣል? ቀንስ እንጂ!»

ሻጩ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ቀነሰ። እኔስ ምን አደረግሁ? ራሴን በክብር ነቀነቅሁ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ከሊቀ ርካሽ ሱቅ የመጣው ገመድ ጫፉ ላይ ሃያ አምስት ጥርስ አለው፤ የኮምፒውተሬ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ግን ዘጠኝ ነው። ሊቀ ርካሽ ጥቂት አሰቡና ፒንሳ አወጡ።

«የተረፉትን ብንነቅላቸውስ?»

ፒንሳውን ቀምቼ ትራሴ ሥር ደበቅሁት። አዳፕተራቸው በበኩሉ ከሞተ ራዲዮ የተነቀለ ነበር። ስንሰካው ሞደሙ አልበራም፤ ሞቀ እንጂ። ትንሽ ቆይቶም መሽተት ጀመረ። «ሽታው መልካም ነው፤ እየነቃ ነው» አሉ። እኔ ግን ነቀልኩትና ልክ የሆነ አዳፕተርና ጥርስ መቀየሪያ ፍለጋ ከተማውን ስዞር ዋልኩ። የገዛሁበትን ዋጋ አልነገርኳቸውም፤ የእህቴን ትዳር በሞት ማፍረስ አልፈለግሁም።

ረቡዕ ወደ ሻጩ ተመልሼ መመሪያውን ለመንኩት። ምስማር ጠቅልሎበት አልቋል። ከመጨረሻው አራት ገጽ ብቻ ቀርቶት ነበርና በነጻ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከዋስትናው በታች እኔ ራሴ ስንት ጊዜ የተረጎምኳት ዓረፍተ ነገር ተጽፋለች፤ «ችግር ካጋጠመዎ ሻጩን ያማክሩ።»

«ምን ይላል?» አለኝ ሻጩ።

«አንተን አማክር ይላል።»

 እሱም ስለ ሞደም የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ነበር።

ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ቀያዮቹ መብራቶች በሩ። ሞደሙ ቁጥር መታ፣ ጭራዋ እንደተረገጠ ድመት ጮኸ፣ አንጎራጎረ፣ ጸጥ አለ። ገባ! ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተቆረጠ። እንደገና ሞከርኩ፤ ገባ፣ ተቆረጠ። ገመዱን ለወጥኩ፣ ሞደሙን ከጠረጴዛ ወደ ወለል አወረድኩ፣ ጫማዬን ሳይቀር አወለቅሁ። ጫማ ከሞደም ጋር ምን አገናኘው አትበሉኝ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አሥራ ሰባት ጊዜ ገባ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ተቆረጠ።

ሐሙስም እንዲያው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፦ ፓምፑ ይቅርብኝ፣ ሌላ ሙያ ልፈልግ። ተስፋ ቆርጬ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳለ ሞደሙ ለመጨረሻ ጊዜ ጮኾ ገባ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የሊቀ ርካሽን ድምፅ ሰማሁ።

«ገባለት! እየዘፈነ ነው! ነይ ስሚው!»

መስመሩ ተቆረጠ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሊቀ ርካሽ የስልኩን እጀታ ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቷል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መስመሩ ይሥራ አይሥራ አጣራልሃለሁ። ከትናንት ጀምሮ አንዱም አላመለጠኝም።»

«ሲያነሱት እኮ ነው የሚቆረጠው!» ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። «ሲያነሱት! ሁለት ቀን ሙሉ የቆረጡብኝ እርስዎ ነዎት! ስድስት ሰዓት ላይ እንጦሮጦስ ልወርድ ነው!»

ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን ጠፋ። እጀታውን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ።

«ሥዕል አለበት፣ ከሰዓት በላይ ነው። እስኪያልቅ ስልኩ አይነሳም፤ ከውጭ የሚደውልም ሰው አይገባለትም።»

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። አራት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ከንፈራቸው አንድ ነገር ሊል ተንቀሳቀሰ።

«ምነው?»

«ምንም። ሂድ ላክ።»

ላክሁ። ገጽ በገጽ፣ ሥዕል በሥዕል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከአከፋፋዩ «ደርሶናል፤ ቀጣዩን ሥራ እንልካለን» የሚል መልስ መጣ። ልነግራቸው ስሄድ ሊቀ ርካሽ ወንበር ስበው ስልኩ ፊት ተቀምጠው፣ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን እጀታው ላይ ጭነው አገኘኋቸው። እህቴ እንደምትለው በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ እንኳ አልጠጡም። እኔ ጅሉ ሥራዬ ስለ ዳነልኝ ሳቅሁባቸው፤ ታሪኩንም ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሲያወሩት ይጣፍጣል፣ እንዴት ያስችለኛል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ በር ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ በእጇ ስትዘመዝም አገኘኋት። ጣቷን መርፌ ወግቷታል።

«ይኼን የሚሠራ መኪና የለም እንዴ እትዬ?»

«ኦቨርሎክ የሚሉት አለ» አለች ቀና ሳትል። «ጋሼህ ሦስት ዓመት ሲፈልጉልኝ ኖረው አንድ ሱቁን የሚዘጋ ልብስ ሰፊ ተገኝቶ ነበር፤ በግማሽ ዋጋ። ሐሙስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት እደውላለሁ፣ ካላገኘኋችሁ ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ቁጥሩንም ቤቱንም አናውቀው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንዳትነግራቸው፤ እንዳልነግርህ አስምለውኛል።»

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። በሕይወታቸው ትልቁን ርካሽ፣ ያውም ለሚስታቸው የሚሆነውን፣ መዳፋቸውን እንደጫኑ አሳልፈውታል። እኔ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ሳስቅባቸው ከርሜያለሁ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል ሞደሙም አላሳፈረኝም። እኒህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ እስከዚያ ቀን አለመናገሬ ነው የሚገርመው።

የእህቴን መሐላ አፍርሼ ሱቃቸው ሄድኩ። አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ገልብጠው ዘይት ያጠጣሉ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ማን እንደነገረኝ አልጠየቁም። «ብነግርህ ትጠብቅ ነበራ» አሉ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት የፈለጉት ዕቃ አይቆጭም?»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወዲያ ወዲህ አይተው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ይቆጨኛል?» አሉኝ። «ከነካርቶኑ ነበር አሉ።»