በሞቴ ያልተባለበት ብስኩት

የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት ለመግባት ፈተና ትቀመጣለች ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እዚህ ላስ ቬጋስ ትቀመጣለች። የኔዋ ልጅ ሀያት ተቀምጣለች። የሚታየው ራስን መግዛትና ማሰብ መጀመሯ ነው አሉን። ራስን መግዛት! በዚህ ከተማ ስንት ሽበታም ካዚኖ ውስጥ የወደቀበት ፈተና እኮ ነው።

ለኛ ግን ቀልድ አልነበረም። እኔ ሌሊት የሆቴል እንግዳ አመላልሳለሁ፤ ባለቤቴ ዘይነባ ቀን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። መዋዕለ ሕፃናቱ ሀያትን ካልተቀበላት ከሁለት አንዳችን ሥራ መተዋችን ነው።

ፈታኟ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ፈረንጅ ናት። ብስኩት ላይ ብርጭቆ ደፍታ፣ ደወል ስትሰሚ ትበያለሽ አለቻት። እኔን ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል ብላኛለች። ሀያት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። በኩራት አበጥኩ።

ደወሉ ጮኸ። ሀያት ንቅንቅ የለም። ፈታኟ ብርጭቆውን አንስታ ብዪ ብትላት፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አለች። ደወሉ እንደገና። "ኖ፣ ታንክ ዩ።" የፈታኟ ቅንድብ ተሰበሰበ። የሚነግሯት አይገባትም ልትል ነው!

ነገሩ የዘይነባ ሥራ ነው። ባለፈው ዒድ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ዘመድ ቤት፣ ሀያት ገና ብዪ ሳትባል ሳምቡሳ በሁለት እጇ ጨብጣ አሳፍራን ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቷ፣ ሰው ሲሰጥሽ ቶሎ እሺ አይባልም፣ በሞቴ እስክትባዪ ተግደርደሪ እያለች አሠልጥናታለች። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

አላስቻለኝም፤ ተነፈስኩ። እኛ ዘንድ አንዴ ተጠይቆ እሺ ማለት ነውር ነው፣ ትንሽ ለምኚያትና በሞቴ በያት አልኳት። ምን ማለት ነው አለችኝ። ያው ፕሊዝ ነው አልኳት። በገዛ ሞትሽ መማልሽ ነው ብላት ማን ያስጥለኛል? "በሞቲ" አለች ምስኪን። ሀያት አንዷን ብስኩት ትታ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሙሉ የብስኩት ካርቶን አቀፈች።

ፈታኟ ስቃ ስታበቃ፣ ደወሉ ከጮኸ በኋላ እንኳ የምትጠብቅ ልጅ አይቼ አላውቅም ብላ ቦታውን ሰጠችን። ካርቶኑንም መረቀችልን። አልሐምዱሊላህ! ደስታዬን የት ላድርሰው?

መኪና ውስጥ ገባን። ከሺፍት በቀጥታ ስለመጣሁ አንጀቴ ታጥፏል። ሀያት ከኋላ አንድ ብስኩት ዘረጋችልኝ።

"ባባ፣ ብላ።"

"ተይው የኔ እናት፣ አንቺ ብዪ" አልኩ እንደ ወጉ።

"ኦኬ" ብላ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ዊትኒ ሰፈር ቤታችን እስክንደርስ በመስታወቱ እያየኋት ነዳሁ። በሞቴ የሚለኝ ጠፋ። ለካ እናቷ ያስተማረቻት መግደርደሩን ብቻ ነው!