ድንክ ያደረግነው ጉልላት

የተማረ ሰው የማያፍርበት ድንቁርና አንድ ብቻ ነው፤ ሂሳብ አለማወቅ። «ማንበብ አልችልም» ብሎ የሚኩራራ ምሁር አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ከሂሳብ ጋር አንተዋወቅም» የሚለውን ግን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ይሰካዋል። እዚህ ኢየሩሳሌም ደግሞ ማምለጫው አጭር ነው፦ «አኒ ሁማኒ»... እኔ የቃላት ሰው ነኝ፣ ቁጥር አይድረስብኝ፣ ማለት ነው።

ታሪክ በማጠናበት ዘመን ዩኒቨርሲቲው ይህን ማምለጫ ዘጋው። ሳይንስና ሂሳብ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ሆነ፤ ያላለፈ አይመረቅም። ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ያለችው እናቴ ለምረቃዬ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች፤ እንግዲህ ጭንቀቴን አስቡት።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህርታችን፣ ኮስታራ ሴት ናት፣ ኢትዮጵያ መንገድ ወሰደችንና የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን ከፍታ በጥላው ለኩ አለችን። ዱላ አቁሙ፤ የዱላውንና የቤተ ክርስቲያኑን ጥላ በተመሳሳይ ሰዓት ለክታችሁ አወዳድሩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ የተመደብኩት ከፍልስፍና ተማሪው ከዮአቭና ከሕግ ተማሪዋ ከታማር ጋር ነበር። የዱላውን ጥላ ገና በማለዳ፣ እንደ እባብ ተጋድሞ ሳለ ለካን። ከዚያ ዮአቭን ራበው። ፈላፈል በልተን፣ ስለ እውነት ምንነት ተከራክረን ስንመለስ ቀትር ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ግድግዳው ሥር ተሸጉጧል።

«በተመሳሳይ ሰዓት አላለችም እንዴ?» አለች ታማር።

«ጊዜ አንጻራዊ ነው» አላት ዮአቭ። ለካን። አለባብሰው ቢያርሱ...

መምህርቷ መልሳችንን አነበበች፤ ጉልላቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ከዚህች ልጅ በአንድ ክንድ ብቻ ይበልጣል ነው የምትሉኝ?»

«ቀመሩ ልክ ነው» አለ ዮአቭ።

«ቀና ብላችሁ አይታችሁታል?»

ዓለምን ልንመረምር የተሰየምን ሰዎች አንገታችንን ቀና ማድረግ ረስተናል። ዜሮ ሰጥታ በሳምንቱ እንደገና አስለካችን፤ እንደ ምንም አለፍን። ዮአቭ ግን ዛሬም ተበድያለሁ ባይ ነው።

ያን ዜሮ ያገኘን ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልንወጣ ስንል፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲታዘቡን የዋሉ አንዲት እማሆይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ምን አጥፍታችሁ ነው የተቆጣቻችሁ?»

ነገርኳቸው። ጉልላቱን ሽቅብ አዩት። ዮአቭንም፣ መቼም ቁመት አልተነፈገም፣ ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፤ «ያ ልጅ ሲገባ ጎንበስ ይበል በይው፤ ጉልላቱን በራሱ እንዳያፈርስብን።»