ጋሽ ምላጭ ቀኝ ካልሲያቸውን በገዛ እጃቸው ስለ ማጥለቃቸው

በዘመነ ምርኩዝ በሦስተኛው ዓመት፣ የቀኝ ዳሌ ዐመፅ በጸናበት፣ ደረጃ ሁሉ ተራራ በሆነበት ወራት፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ምላጭ፣ መላጣን ከጎፈሬ የማያበላልጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ሰፈሩን ያሳመሩ፣ ጎንበስ ማለት ተስኗቸው፣ ቀኝ እግራቸውም ከግዛታቸው ወጥቶ ነበር። ባለቤታቸው እመቤቲቱ ጧት ጧት ተንበርክከው ካልሲውን ያጠልቁላቸው ነበር፤ ጋሽ ምላጭም በዚያች ሰዓት ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ይተክሉ ነበር፤ ከዳሌው ይልቅ ይህ ያማቸው ነበርና።

ከዚህም በኋላ የአጥንት ሐኪሟ፣ ባለ መዶሻዋ፣ እጀ ቀናዋ፣ ዳሌውን ከፍተው፣ የጭኑን አጥንት ራስ ቆርጠው ሳይጥሉ ሞርደው የብረት ቆብ ደፉበት፤ በጎድጓዳውም የብረት ጽዋ ገጠሙለት። ቁስሉ ጠግጎ ወራት ካለፉ በኋላም ራጁን በብርሃን ላይ ሰቅለው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሙኝ! ጽዋው ከልክ በላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ ሸክሙ ሁሉ ጠርዙ ላይ ወድቆ ብረት ብረትን ይበላ ነበር። ፊቱን ወደ ኋላ ቢያዞር፣ ሲያጎነብሱ የአጥንቱ አንገት ከጠርዙ ይጋጭ ነበር። ቆቡም ወደ ታች ቢያዘምም አንገቱ ሸክሙን አልችል ብሎ ይሰበር ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከዛሬ ጀምሮ ማጎንበስ ተፈቅዷል!»

በማግስቱም ጧት ጋሽ ምላጭ በመኝታ ቤቱ ወንበር ላይ ተሠየሙ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ እመቤቲቱ፣ የወንበሩ መደገፊያ ያዥ፤ ታላቋ ልጃቸው፣ ስልኳን ደግና የቆመች፤ አማታቸው፣ ማንም ሳይጠራቸው የመጡ፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፣ «ብረት መቼም ሥጋ አይሆን» ሲሉ የከረሙ። ጋሽ ምላጭም ዐወጁ፦

«ማንም እጁን እንዳይዘረጋ! የዘረጋ፣ ከእንግዲህ ፀጉሩን ሌላ ቤት ይቆረጥ!»

በመጀመሪያው ዘመቻ ካልሲው ከትንሿ ጣት ላይ ተሰናክሎ ወደቀ፤ ልብስ ሰፊውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሁለተኛው ጋሽ ምላጭ እንደገና ጎነበሱ፤ ሕመሙ ዘወትር ከሚያደፍጥበት ስፍራ ሲደርሱም ትንፋሻቸውን ውጠው ግጭቱን ጠበቁ። ግጭት አልመጣም። ቆቡ በጽዋው ውስጥ ዘይት እንደ ጠጣ ማጠፊያ ለሰስ ብሎ ዞረ። ካልሲውም ጣቶችን አስገብሮ፣ ውስጥ እግርን ተሻግሮ፣ ቁርጭምጭሚትን ከብቦ ወጣ። የእመቤቲቱ እጆች ግን ለምደው ኖሮ ሳያስቡት ተዘርግተው ነበር፤ እርሳቸውም መልሰው በነጠላቸው ውስጥ ሸሸጓቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

ጋሽ ምላጭ ቀና ሲሉ የካልሲው ተረከዝ ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበት ዞሮ ታየ። አማታቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እመቤቲቱ ቀድመው ዐወጁ፦

«ያየ ሁሉ አላየም!»

አዋጁም ጸና። እነሆ ክብር ለጋሽ ምላጭ፣ ጎንበስ ብለው ለወረዱ፣ ሳይደገፉ ለተነሡ፤ ዕድሜ ለቆቡ፣ ዕድሜ ለጽዋው፣ ዕድሜም ዳሌው ባጋደለ ጊዜ ላቀኑት እጆች ሁሉ፤ ካልሲያቸውም እንደ ዞረ፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሥራቸው ገቡ።